የ12 ሰዓት ብርሃን

በበጋው ወራት ሳሪስ አቦ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ በየረር በኩል ብቅ ስትል፣ መንገዱ ቀድሟት ነቅቷል። ኪዳን አድርሰው ከአቦ ቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶች ነጠላቸውን እንደተከናነቡ በአጥሩ ሥር ያልፋሉ። የታክሲው ሰልፍ ረዝሟል። ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የጭነት መኪና አቧራውን ያስነሣዋል፤ አቧራውም ዝቅ ብሎ የመጣውን ጨረር ይዞ ለጥቂት ደቂቃ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ፎቶ አንሺ በየሀገሩ «ወርቃማው ሰዓት» እያለ የሚያሳድደው ብርሃን ይኼ ነው። እዚህ ሰፈር ግን ሰዓቱ ሌላ ስም አለው፦ የሥራ መግቢያ። ማታ ያው ብርሃን በወጨጫ በኩል ሲመለስ ደግሞ የሥራ መውጫ ይሆናል።

ካሜራ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ150 ዓመት በላይ ኖሯል። በዚህ ሰዓት መንገድ ላይ የሚገኘው ሰው ግን ከዚያ ዕድሜ አብዛኛውን በዚህ ብርሃን ፎቶ ሳይነሣ ነው ያሳለፈው። መጀመሪያ መሣሪያው ብርሃኑን ማየት አይችልም ነበር። ቀጥሎ ፊልሙ ውድ ሆነ። በመጨረሻ የንጋት ብርሃን የሀገሩን ሰው አግኝቶ በዓለም ሁሉ ሲያሳየው፣ ያሳየው በረሃብ ነው።

ከሰዓቱ እንጀምር። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ማጠፊያው 12 ላይ ነው፤ ቀኑም ሌሊቱም የሚዞሩት እዚያች ቁጥር ላይ ነው። በሌላው ዓለም ስድስት የሚባለው ሰዓት ብዙም ትርጉም የለውም፤ በእኛ ግን 12 ማለት ፀሐይ የምትወጣበት ወይም የምትጠልቅበት አካባቢ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣው በ12 እና በ12 ከ50 መካከል ነው፤ የምትጠልቀውም እንደዚያው። ቋንቋውም ይህችን ጊዜ በደንብ ከፋፍሎ ይዟታል፦ ወጋገን፣ ጎህ፣ ንጋት፣ ማለዳ አለ፤ ወዲያ ማዶ ደግሞ ሠርክ፣ አመሻሽ፣ ድንግዝግዝ። ስልካችሁ ላይ ያለው የፀሐይ መተግበሪያ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ስድስት ሰዓት ቀንሳችሁ ወይም ጨምራችሁ ነው የምታነቡት።

ደግሞም «ሰዓት» መባሉ ለእኛ አይሠራም። ለንደን ውስጥ በሰኔ ወር ፀሐይ የምትወርደው አግድም እየተንሸራተተች ነው፤ ከአድማሱ በላይ ያለችውን የመጨረሻዋን 6 ዲግሪ ለመጨረስ 50 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። አዲስ አበባ ላይ ግን ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ ያንኑ መንገድ በ25 ደቂቃ ትጨርሰዋለች። የውጭ ሀገር ፎቶ አንሺዎች በጻፉት መመሪያ ተመርታችሁ «ገና ጊዜ አለ» ብላችሁ ሻይ ካዘዛችሁ፣ ሻዩ ሳይበርድ ብርሃኑ ያልቃል።

ብርሃኑ የሚለሰልስበት ምክንያት ፀሐይዋ ተለውጣ አይደለም። አድማስ ላይ ስትሆን ጨረሯ ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ከአናታችን በላይ ስትሆን ከሚያቋርጠው አየር ወደ 38 እጥፍ የሚሆን አየር አቋርጦ ነው። በመንገዱ ሰማያዊው ይበተናል፤ ቀዩና ቢጫው ይቀራል። የሳሪስ አቧራና የየጓዳው የከሰል ጭስ ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። እኩለ ቀን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ ብርሃኑ እንደ ቢላ ይቆርጣል። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ ቀትር ላይ በትክክል ከአናታችን በላይ ትቆማለች። የነሐሴዋን ደመናው ይሸፍናታል። በሚያዝያዋ ግን ሰው ጥላውን ረግጦ ይቆማል፤ ዓይኖቹም ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ይሆናሉ።

ይህን ክፉ የቀትር ብርሃን ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ፎቶ አንሺዎች ይወዱት ነበር። ምርጫ ስላልነበራቸው ነው።

በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሲዘምቱ የጦሩ መሐንዲሶች ካሜራ ይዘው መጡ። በዚያ ዘመን ፎቶ የሚነሣው በመስታወት ላይ ነበር። መስታወቱን ድንኳን ውስጥ በጨለማ ኬሚካል ይቀቡታል፣ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ይከቱታል፣ ሳይደርቅ አውጥተው ያጥቡታል። ይህን ሁሉ በበቅሎ ጭነው በዚያ ገደል ማለፋቸው የሚገርም ነው። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን ሌላ ነው፦ የዚያ ዘመን መስታወት የሚያየው ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃን ብቻ ነበር። ለቀይ ብርሃን ዕውር ነው። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ወይም ጀምበር ስታዘቀዝቅ ካሜራ መደቀን፣ የሚያዜመውን ሰው መስማት ለማይችል ሰው እንደ ማዜም ነበር። ጦሩ ያነሣቸውን የተራሮች ፎቶዎች ያየ ሰው ሰማዩ ሁሉ ባዶ ነጭ መሆኑን ያስተውላል፤ ሰማያዊው ከልክ በላይ ስለታየው ነው።

ይህ ዕውርነት ሰማይ ላይ ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። ፊት ላይም መጣ። አማርኛ የሰው ቆዳን ለመግለጥ ስንት ቃል አለው! ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር። እነዚህን ሁሉ እርስ በርስ የሚለያቸው ቆዳው የሚመልሰው የቀይና የቢጫ ብርሃን መጠን ነው። ያ መስታወት ግን ቀዩንም ቢጫውንም አያይም፤ በመሆኑም ቀይ ዳማውም ጠይሙም አንድ ላይ ጠቆሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተነሡ አያቶቻችን ከነበሩት በላይ ጠቁረው፣ ከነበሩት በላይ ተኮሳትረው የምናያቸው ለዚህ ነው። ቀይ ብርሃንን ጨምሮ ሁሉንም የሚያይ መስታወት ለገበያ የቀረበው እ.አ.አ. በ1906 ነው። ከዚያ በፊት የተነሣ የኢትዮጵያ ፊት ሁሉ በግማሽ ዕውር ዓይን የታየ ፊት ነው።

በእነዚያው ወራት አንድ ኢትዮጵያዊ ሕፃን ግን ለስላሳ ብርሃን አግኝቷል። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ። አባቱ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ብዙም ሳይቆዩ በጉዞ ላይ ሞቱ፤ እሱም በመርከብ ተጭኖ እንግሊዝ ገባ። በዚያው ክረምት፣ በሰባት ዓመቱ፣ ዋይት በምትባለው ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ አነሣችው። ካሜሮን በዘመኗ ከነበሩት ሁሉ የተለየች ነበረች። የዶሮ ቤቷን በመስታወት ወደ ፎቶ ቤት የቀየረች፣ የተነሺው ፊት በትንሹ ቢደበዝዝ ግድ የማይሰጣት፣ ብርሃኑን በመጋረጃ እየጋረደች የምታለሰልስ ሴት። ያነሣቻቸው የዓለማየሁ ፎቶዎች እስካሁን አሉ። ዓይኖቹ ጉድጓድ አልሆኑም፤ ጉንጩ ላይ ጥላው ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው። እኔ ከዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ፎቶዎች ሁሉ እነዚህን የሚያህል ውብ አላውቅም። እንደ እነዚህ ለማየት የሚከብድም አላውቅም። ልጁ በ18 ዓመቱ እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። እ.አ.አ. በ1905 ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለ አርመናዊ መጣና የዐፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ። ልጆቹም ሙያውን ወረሱ፤ አንዱ ለንግሥት ዘውዲቱ፣ ሌላው ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ። ቤተ መንግሥት ያለው ካሜራ የሚሠራው በሥርዓቱ ሰዓት ነው። ካባው፣ ዘውዱ፣ ሰልፉ በደንብ መታየት አለበት። ሥርዓት ደግሞ የሚካሄደው በጠራራ ነው።

ከዚያ ፎቶ ቤቶች በየሰፈሩ ተከፈቱ። የተቀባ ፏፏቴ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የእንግዳ ወንበር። ይህን ታሪክ የማያውቅ የለም፤ ፀሐይ የሞቀው ነው። ቸል የተባለው ከፎቶ ቤቱ ውጭ የነበረው ነገር ነው። የቤታችሁን አልበም አውጡና የደጅ ፎቶዎቹን ተመልከቱ። ሁሉም ዓይናቸውን አጥብበዋል አይደል? የፊልም ፋብሪካዎቹ መመሪያ ለዓመታት አንድ ነገር ነበር የሚለው፦ ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ። ከፎቶ አንሺው ጀርባ ያለች ፀሐይ ከተነሺው ፊት ለፊት ናት። እናቶቻችንና አባቶቻችን በሠርጋቸው ዕለት ፀሐይን ፊት ለፊት እያዩ «ፈገግ በሉ» ተባሉ። ደግሞ አንድ ጥቅል ፊልም የሚያነሣው 36 ብቻ ነው። ከ36ቱ አንዱን በድንግዝግዝ «ይወጣ ይሆን?» ብሎ የሚያባክን ማን አለ?

ቀለም ፊልም ሲመጣ ችግሩ መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፤ «የሸርሊ ካርድ» ይባላል። የቆዳ ቀለም የሚስተካከለው በእሷ ነው። የቡናማ ቀለማትን ጉዳይ ፋብሪካው በደንብ ማየት የጀመረው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች «ዕቃችን በፎቶ አያምርም» ብለው ካጉረመረሙ በኋላ ነው። የሰው ሳይሆን የቁም ሣጥን አቤቱታ ተሰማ ማለት ነው። አሁን ይህንን ፊልም ይዛችሁ በቀትር አቦ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቁሙ። ፊት ለፊታችሁ ነጭ ነጠላ የለበሰች ጠይም ሴት አለች። ለፊቷ ካስተካከላችሁ ነጠላው ይቃጠልና ጥለቱ ሳይቀር ይጠፋል፤ ለነጠላው ካስተካከላችሁ ፊቷ ይጨልማል። በኢትዮጵያ ፎቶ አንሺ የሆነ ሁሉ የታገለው ትግል ይኼው ነው፤ ነጠላና ፊት። ከፍላሽና ከአንጸባራቂ ሌላ መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ በነጠላውና በፊቱ መካከል ያለው ልዩነት ፊልሙ ሊሸከመው በሚችለው መጠን የሚጠብብት ሰዓት መጠበቅ። ያ ሰዓት 12 ነው። እናቶች ከኪዳን የሚወጡበት።

ንጉሡ በወረዱበት ዘመን ኃይሌ ገሪማ ከአሜሪካ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። ጥቁርና ነጭ፣ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም፤ ከተዋናዮቹ አብዛኞቹ ተዋናይ ያልሆኑ የገጠር ሰዎች። ጎህ ሲቀድ የጭሰኛው ቤተሰብ ይነሣል፤ ሥራ ይጀመራል። በቃ። ብርሃኑ ውብ ነው፣ ግን ማንም ቆሞ አያየውም፤ ጊዜ የላቸውም። የሚቀመጠውና የሚያየው ባለርስቱ ነው። እኔ ስለ ንጋት ብርሃን ከተሠሩ የኢትዮጵያ ሥራዎች ይህን አስቀድማለሁ፤ ብርሃኑ በማን ጉልበት ላይ እንደሚያርፍ አልረሳም።

ዓለም ያወቀው የኢትዮጵያ ንጋት ግን ይህ አይደለም።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም የተላከ ዘገባ አስተላለፈ። ጋዜጠኛው ማይክል ቡርክ፣ ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን። መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድል አድራጊነት ካከበረ ገና አንድ ወር ከምናምን ነው። ዘገባው የሚከፈተው በንጋት ነው። ቡርክ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለ ጎህና ስለ ሌሊቱ ብርድ ያወራል፤ የሚያየውንም ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ ጋር ያመሳስላል። ካሜራው ቀስ ብሎ ሜዳውን ይቃኛል፤ ጭስ፣ ጭጋግ፣ ጋቢ፣ ዝቅ ያለ ብርሃን። በሥዕል ዓይን ካየነው እንከን የለውም። በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ተቀባበሉት፤ ዘፈኖቹ፣ እ.አ.አ. በሐምሌ 1985 የተካሄደው ትልቁ ኮንሰርት፣ የእርዳታው ጎርፍ ከዚያ ተከተለ። የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት በዚያ ምክንያት ተርፏል። አሚን ራሱ በኅዳር 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ።

በዚያው ዘመን ብራዚላዊው ሰባስቲያኦ ሳልጋዶ ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋር በረሃብ በተመቱት አካባቢዎች ዞረ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ጥቁርና ነጭ ፎቶዎቹ በብርሃን አያያዛቸው ተደነቁ። እ.አ.አ. በ1991 ኢንግሪድ ሲሺ የተባለች አሜሪካዊት ሐያሲ «ኒው ዮርከር» ላይ ተነሣችበት፦ መከራን እንዲህ ካሳመርከው፣ ተመልካቹ ፎቶውን እንጂ ሰውየውን አያደንቅም፤ አድንቆም ያልፋል። ክርክሩ ከዚያ ወዲህ አልቆመም።

እኔ ሲሺ ግማሽ ትክክል ናት ባይ ነኝ። ኮረም ላይ ንጋቱን የመረጠው ካሜራው ብቻ አልነበረም። ኮረም ደጋ ነው፤ ሌሊቱ ይገድላል። በመጠለያ ውስጥ ንጋት ማለት ማን እንዳደረ፣ ማን እንዳላደረ የሚታወቅበት ሰዓት ነው። ካሜራ እዚያ ሰዓት ላይ መገኘት ነበረበት። ጥፋቱ በሌላ በኩል ነው። በዚያ ብርሃን የሚታይ ሌላ ኢትዮጵያዊ ስላልነበረ፣ ያ ብርሃን በራሱ የረሃብ ምልክት ሆነ። ነጠላ፣ ጭስ፣ ዝቅ ያለች ፀሐይ ያየ የውጭ አንባቢ ወዲያው «ምስኪን» ይላል። ሳሪስ አቦ በማለዳ ያው ነጠላ፣ ያው ጭስ፣ ያችው ፀሐይ ናት፤ ሰዎቹ ግን ሥራ እየሄዱ ነው።

ነገሩን የቀየረው ዲጂታል ካሜራ፣ ቀጥሎም ስልክ ነው። ሠላሳ ስድስቱ ቀረ። በ2003 ዓ.ም. አይዳ ሙሉነህ አዲስ ፎቶ ፌስትን ስትጀምር አፍሪካን የሚያነሡ አፍሪካውያንን አዲስ አበባ ላይ ሰበሰበች። እ.አ.አ. በ2016 ደግሞ ግርማ በርታ የጌቲንና የኢንስታግራምን ሽልማት አገኘ፤ ፎቶዎቹን ያነሣው በስልክ ነው። የአዲስ አበባን ሰው ከነጥላው ከመንገዱ ቆርጦ ያወጣና በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ያስቀምጠዋል። ሊስትሮው፣ ተሸካሚው፣ ጃንጥላ የያዘችው ሴት። ጥላውን አለመጣሉ ነው ብልሃቱ። ረጅም ጥላ የሚወልደው የጠዋትና የማታ ፀሐይ ነው፤ መንገዱ ቢጠፋም ሰዓቱ ከጥላው ይነበባል። ጭሱና «ምስኪን» የሚያሰኘው ጓዝ ግን የለም።

ዛሬ ከአደይ አበባ እስከ አቦ ባለው መንገድ ማለዳ ላይ ስልኩን ከኪሱ የሚያወጣ ወጣት ብርቅ አይደለም። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር በዚህ ያልፋል፤ የመስመሩ ምሰሶዎችና ሽቦዎች ጠዋት ላይ አስፋልቱ ላይ ረጃጅም ጥላ ይጥላሉ። ያው መንገድ ሲፈርስና ሲሠራ የኖረ ስለሆነ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት የተነሣ ፎቶ ላይ ያለ ሱቅ ዛሬ ላይኖር ይችላል። ሰው ማንሣት ግን አሁንም ሰው ማንሣት ነው። ሰልፍ ላይ የቆመች ልጅ «ለምን አነሣኸኝ?» ካለች መልስ ያስፈልጋታል፤ «ብርሃኑ ደስ ስላለኝ» የሚለው አይበቃትም። «እናቴ፣ አንድ ላንሣዎት?» ብሎ የሚጠይቅ አለ፤ አንዳንዷ ነጠላዋን አስተካክላ ትቆማለች፣ አንዳንዷ «ሂድ ወዲያ» ትላለች። የአቦ ዕለት፣ ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ሕዝቡ ይበዛል፤ መጋቢት 5 እና ጥቅምት 5 ደግሞ መንገዱ ነጭ ይለብሳል። በእነዚያ ቀናት መጠየቁ ይበልጥ ይገባል፤ የመጡት ለጸሎት ነው።

ስልኩ ራሱ ደግሞ አዲስ ዓይነት ዕውርነት አለው። ወርቃማውን ብርሃን ስሕተት ይመስለዋል፤ ቢጫውን «ላስተካክል» ብሎ ወደ ነጭ ይጎትተዋል። ድንግዝግዙን አይቶ የሌሊት አሠራሩን ያበራና አመሻሹን እኩለ ቀን ያስመስለዋል። ነጭ ነጠላ ሲያይ ፊትን ያጨልማል፤ ልክ እንደ ድሮው ፊልም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ የሰውየውን ፊት ነክታችሁ ጣታችሁን ለጥቂት ሰከንድ ያዙት፤ መለኪያው እዚያ ይቆለፋል። ከዚያ የብርሃኗን ምልክት ጥቂት ወደ ታች ጎትቱ፣ የነጠላው ጥለት እስኪታይ። የሌሊት አሠራሩን አጥፉ። ጠዋት ከሆነ 25 ደቂቃ አላችሁ። ማታ ከሆነ ፀሐይዋ ከአድማሱ በፊት ተራራው ጀርባ ስለምትገባ ያንሳል።